ማን ነካው?

የቦይለር ሬዚስታንስ ሚያዝያ ላይ ተቃጠለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ኅዳርን ጠብቆ ነው የሚሞተው፤ ያውም የአዲስ አበባ ንጋት ወደ 7 እና 8 ዲግሪ በሚወርድበት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በካልሲ እንኳ አላስረግጥ በሚልበት ሰሞን። ይህን የታዘቡ ሰዎች ዕቃው ተንኮለኛ ነው ይላሉ። ተንኮል የለበትም። በብርድ ወራት የቧንቧው ውሃ ይበልጥ ቀዝቅዞ ይገባል፤ ታጣቢው ደግሞ ይበልጥ አሙቆ፣ ይበልጥም ቆይቶ ይታጠባል። መሃል ላይ ያለው ሬዚስታንስ የሁለቱንም ዕዳ ይከፍላል። ድሮም በቋፍ የነበረ ከሆነ ኅዳርን አያልፋትም።

ደግሞ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች በሙቅ ውሃ ጉዳይ በዋዛ የምንታይ አይደለንም። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በገላ መታጠብ ሰበብ ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ፍልውሃ ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ እዚያው አቅራቢያ ቤት አሠሩ፣ ለቦታውም ስም አወጡ፣ መኳንንቱም ተከትለው ሰፈሩ። ሌላው ወንዝ አይቶ፣ ወደብ አይቶ፣ ወርቅ አይቶ ከተማ ሲቆረቁር የኛዎቹ እንፋሎት አይተው ወረዱ። የዛሬው ነዋሪ ታዲያ ፍልውሃውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነው የሚኖረው፦ ነጭ፣ ሆዳም፣ 50 ሊትር የሚይዝ፣ አንዲት ቀይ መብራት ያለችው።

ቦይለር መበላሸቱን በቤታችን የሚያበስረው ሁልጊዜ ራሱ ላይ ሻምፑ ያለበት ሰው ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለልጄ ወጣ። ጩኸቷን ሰምተን ኮሪደሩ ላይ ስንሰበሰብ ከሁላችንም አፍ የወጣው ጥያቄ አንድ ነበር።

«ማን ነካው?»

በኛ ቤት ዕቃ በራሱ ጊዜ አይበላሽም፤ ተነክቶ ነው። ፍሪጁም ተነክቶ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ተነክቶ ነው። የግድግዳ ሰዓት ቢቆም እንኳ ባትሪው አልቆ ይሆን ከመባሉ በፊት ወንበር ላይ መቆም የሚችል ሰው ሁሉ ይመረመራል። በጎረቤት ቤትም ነገሩ ከዚህ የተሻለ አይመስለኝም፤ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ምርመራቸውን እንሰማለን።

ባለቤቴ ባለፈው ወር የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል የቀየርኩት እኔ መሆኔን አስታወሰች። አምፖልና ቦይለር ምን አገናኛቸው ብል፣ «አንድ ግድግዳ ላይ አይደሉ እንዴ?» አለች። አማቴ ግን ነገሩን ከፍ አድርገው ነው ያዩት። እሁድ ዕለት ከደብረ ብርሃን የመጣች ዘመዳችን ገላዋን ታጥባ ስትወጣ፣ «ውይ፣ ምን ያለ ውሃ ነው! አጥንት ድረስ ይገባል!» ብላ ነበር። «አየሽ፣ እንትፍ እንትፍ አላለችም» አሉ አማቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። ለሳቸው ጉዳዩ እዚያ ላይ አበቃ።

ታች ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። እሳቸው የተማሩ ሰው ስለሆኑ በቡዳ አያምኑም፤ በመብራት ነው የሚያምኑት። «ሄዶ ሲመለስ በጉልበት ነው የሚመጣው፤ እሱ ነው የመታው» አሉ። ከዚያም ቦይለሩ የየት አገር እንደሆነ ጠየቁኝ።

«የጣሊያን ነው፣ ጋሼ።»

«ጣሊያን ድሮ ቀረ» አሉና ሻይ ቀረበላቸው።

ቦይለር እኮ ሲያዩት እንደሚያስፈራው አይደለም፤ የዋህ ዕቃ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይገባል፤ የሞቀው ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይሰበሰብና ጫፉ እላይ ድረስ በደረሰ ቱቦ በኩል ይወጣል። ሆዱ ውስጥ ከተሰኩት ነገሮች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስና «በቃህ» የሚለው ቴርሞስታት። ቴርሞስታቱ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ውሃው ከልክ በላይ ከሞቀ ትፈናጠርና መብራቱን ትቆርጠዋለች፤ ሰው በጣቱ እስኪገፋት ድረስም አትመለስም። በዚች ቁልፍ ጦስ ስንት ደኅና ሬዚስታንስ ተፈትቶ ተጥሏል! ብሬከር አጥፍቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ ቁልፏን ጠቅ ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ክፋቱ ለአምስት ደቂቃ ሥራ ማንም የሙሉ ቀን አይከፍልም፤ ስለዚህ ስለ ቁልፏ የሚያወራ ባለሙያ ብዙ አታገኙም።

የኛዋ ቁልፍ በቦታዋ ነበረች። ባለሙያ ተጠራ።

ወጣት ነው፤ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውንና መለኪያውን በተራ ደረደረ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ቦይለሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከልምድ የምናውቀው ጥያቄ መጣ።

«ፋዘር፣ ይሄን ማነው የሠራው?»

ከሱ በፊት የነበረውን ባለሙያ ያመሰገነ ባለሙያ እስካሁን አልገጠመኝም። ቧንቧ ሠራተኛው የቀድሞውን ቧንቧ ሠራተኛ ይረግማል፤ ልብስ ሰፊው የቀድሞውን ልብስ ሰፊ። የጥርስ ሐኪም እንኳ አንድ ጊዜ «ይሄን ማነው የሞላልህ?» ብሎኛል፤ አፌ ክፍት ስለነበር ልመልስለት አልቻልኩም።

የዛሬው ግን እውነት ነበረው። ወደ ቦይለሩ በሚገባው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የሚሉት ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለ። አንደኛ፣ የገባው ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ ያግዳል። ሁለተኛ፣ ውሃ ሲሞቅ ስለሚያብጥ፣ ግፊቱ ሲበዛ ጠብ ጠብ እያደረገ ያስተነፍሰዋል፤ አብዛኞቹ በ8 ባር ግፊት ላይ የሚከፈቱ ናቸው። ጣጣ የሚያመጣበት ይህ ጠብታ ነው። ጠብታ ያየ ሰው ሁሉ የተበላሸ ነገር ያየ ይመስለዋል። የቀድሞው ሠራተኛ፣ ወይም የቀድሞው ተከራይ (ክሱ ገና በምርመራ ላይ ነው)፣ የቫልቩን አፍ በቡሽና በሲሊኮን ጥርቅም አድርጎ ደፍኖታል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በተዘጋ በርሜል ውስጥ ግን ግፊቱ የመፍያውን ልክ ከ100 በላይ ያሻግረዋል። ቴርሞስታቱ ቢያብድ፣ ቁልፏ ብትከዳ፣ መተንፈሻው ደግሞ የተደፈነ ቢሆን፣ ከጭንቅላታችን በላይ ተሰቅሎ የነበረው ነገር ቦምብ ነበር። ባለሙያው ይህን ሲያስረዳ አማቴ ኩርሲያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ሳሎን ፈቀቅ አሉ።

ከዚያ ብሬከሩን አጠፋ፤ መብራት አለመኖሩንም በቴስተር አየ፣ ደግሞም አየ። በዚህ ወደድኩት። ሽቦዎቹን ነቅሎ የሬዚስታንሱን ሁለት ጫፎች ለካ። 1500 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ በ220 ቮልት ስሌት 32 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። የኛው ምንም አላሳየም፤ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው። አንዱን ጫፍ ከቦይለሩ ብረት ጋር ሲለካ ግን ቁጥር መጣ፤ እዚህ ላይ ደግሞ መምጣት አልነበረበትም።

«ሰሞኑን አልነዘራችሁም?» አለ።

ልጄ ፎጣ እንደጠመጠመች ከክፍሏ ብቅ አለች። «እኔ እኮ ቧንቧው ይነዝረኛል ብያችሁ ነበር!»

ብላለች። አማቴ ናቸው «ብርድ ነው፣ ወገብሽን እሰሪ» ያሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ ሸክላው ውስጥ ራቁቱን ይተኛል፤ ውሃ ስለማይነካው ችግር የለበትም። የቦይለሩ ግን ውሃ ውስጥ ነው ውሎ የሚያድረው። ስለዚህ የሚግለው ሽቦ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ዙሪያው በነጭ ዱቄት ይጠቀጠቃል። ዱቄቱ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ነው፤ ሙቀትን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። በቤታችን ውስጥ ከሚሠሩ ነገሮች ሁሉ ይህን የመሰለ አስተዋይ ዘበኛ አላየሁም። ቱቦው የተሰነጠቀ ዕለት ግን ውሃ ይገባና ዱቄቱ ይርሳል፤ ዘበኛውም በሩን ከፍቶ ይተኛል። የመሬት ሽቦ በሥርዓት ከተዘረጋ መብራቱ ወደ መሬት ይሄዳል። ካልተዘረጋ የሚሄደው በታጣቢው በኩል ነው።

አዲሱን ለመግዛት መርካቶ ሲኬድ የሞተውን ይዞ መሄድ ግድ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ይፈታ ተባለ። ለዚህ ደግሞ ቦይለሩ መራገፍ አለበት። ባለሙያው ሳራቺኔስካውን ዘግቶ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ፣ ውሃውን ወደ ወለሉ ሊለቀው ሲል አማቴ ከሳሎን ድምፃቸው ተሰማ።

«50 ሊትር ውሃ ሊደፋ ነው?»

የፈረቃ ውሃ በሚጠጣ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ጀሪካን ተጠራ፣ ባልዲ ተጠራ፣ ሳፋ ተጠራ፤ በመጨረሻ የዶሮ ወጥ ድስቱ ሳይቀር መጥቶ ተሰለፈ። ውሃው መጀመሪያ ጥሩ፣ ቀጥሎ ደፍረስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ አተላ ሆኖ ወጣ። አተላውም አልተደፋም፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል ተብሎ ተከደነ።

ቡሎኖቹ ተፈትተው ሬዚስታንሱ ሲሳብ ለምድ ለብሶ ነው የወጣው። መዳቡ አይታይም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበት ከገባበት ቀዳዳ አልወጣ ብሎ ባለሙያው በካቻቢቴ እየፈረፈረ አወጣው። ውስጥ የቀረውን ፍርፋሪ በእጁ እየዛቀ በጋዜጣ ላይ ቆለለው።

ወንጀለኛው ተያዘ። ኖራ ነው። ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየም አሟሙቶ ይመጣል፤ ለዚህ ነው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚደርሰው ሰፈር ከለገዳዲ ግድብ ከሚጠጣው ሰፈር ይልቅ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የሚያየው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ካልሲየሙ አይታይም። ሲሞቅ ግን ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ በተለይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይፈጥናል። የሚጋገረው ደግሞ ከሁሉ በጋለው ቦታ ላይ፣ ማለትም በራሱ በሬዚስታንሱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኖራ የያዘው ቦይለር መብራት ይበላል ይላል፤ እሱስ ያን ያህልም አይደለም፣ ሙቀቱ ዘግይቶም ቢሆን መድረሻው ያው ውሃው ነው። ጉዳቱ በሬዚስታንሱ ላይ ነው። ሙቀቱን ቶሎ ማስረከብ አቅቶት በገዛ ራሱ ትኩሳት ይሰነጠቃል።

ባለሙያው ፍርፋሪውን ይዞ አቼቶ ጠየቀ። ጠብ ሲያደርግበት ሲንተከተክ ሁላችንም አየን። ጎረቤታችን መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና መልሰው አደረጉ።

«እሺ» አሉ፤ «ኖራውን ማን ጨመረው?»

ከሬዚስታንሱ ጎን አንድ ቀጭን የዛገ ሽቦም ወጣ። በጤናው ጊዜ ጣት የሚያህል የማግኒዚየም ዘንግ ነበር። ሥራው ለበርሜሉ ብረት ቤዛ መሆን ነው፤ ዝገቱ ብረቱን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው የሚገባው። በየዓመት ሁለት ዓመቱ ታይቶ መቀየር የነበረበት እሱ ነበር። በዚህ ቤት ማንም ሳይከሰው የሌላውን ዕዳ ሲከፍል የኖረ እሱ ብቻ ነው፤ መኖሩንም ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው።

መርካቶ ሻጩ የኛን ሟች አገላብጦ አየና አንድ የሚመስለውን አወረደ። «ኦርጅናል ነው» አለ። የየት ኦርጅናል ብለው «የቻይና ኦርጅናል» አለኝ። ከሐሰት ጣሊያን እውነተኛ ቻይና ይሻላል ብዬ አመንኩት። ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ «3000 ዋቱን ውሰድ፣ ቶሎ ያፈላልሃል» ብሎ ያባብለኝ ጀመር። 3000 ዋት ከ13 አምፔር በላይ ይስባል፤ የምጣዱ 3500 ዋት ወደ 16 አምፔር ነው። ሁለቱ ባንድ ጠዋት ቢገናኙ ቆጣሪያችን ምን እንደሚል ስለማውቅ 1500 ዋቱን፣ ቀዳዳው የሚገጥመውን፣ ከጓርኒሲዮኑና ከማግኒዚየሙ ጋር ይዤ ወጣሁ። አዲስ ሴፍቲ ቫልቭም ገዛሁ። ሻጩ ቫልቩን ሲጠቀልል «ጠብ ጠብ ሲል ድፈነው» ብሎ መከረኝ።

ገጠማው አላስቸገረም። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፤ ቡሎኖቹ በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት እየተመረጡ በመስቀል ጠበቁ፤ የመሬቱ ሽቦም በቦታው ታሰረ። የቀረው ውሃ መሙላት ብቻ ነው።

ውሃ የለም። ፈረቃችን አይደለም።

ያኔ ነው ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣው። «ይሄ በርሜል ሳይሞላ ብሬከሩን ካበራችሁት ሬዚስታንሱ በደቂቃ ነው የሚነደው፤ የሙቁ ቧንቧ ሳይንተፋተፍ ቀጥ ብሎ እስኪፈስ እንዳትነኩት!» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አማቴ የወረቀት ማጣበቂያ አስመጡ። ብሬከሩ ላይ «አይነካም» ብዬ ጽፌ እንድለጥፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። ወረቀቱን አይተው፣ «‹ማንም› የሚል ጨምርበት፣ ያለዚያ ሰው ለኔ አይደለም ይላል» አሉ።

ውሃው የመጣው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው። ቧንቧው ሲያስነጥስ ቤቱ በሙሉ ተነሳ፤ ታችኛው ፎቅም መብራት በራ። የሙቁን ቧንቧ ከፍተን አየሩን ሲተፋ፣ ሲያቋርጥ፣ ደግሞ ሲተፋ ቆየንና በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ወረደ። አማቴ «አሁን» አሉ። ወረቀቱን ያነሱት ራሳቸው ናቸው፤ ብሬከሩንም ያበሩት ራሳቸው። ቀይዋ መብራት በራች።

50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 1500 ዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ያ ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ ገላ የሚችለው 40 ዲግሪ ሲሆን 95 ሊትር ያህል ይወጣዋል፤ ሻወሩ በደቂቃ 8 ሊትር ቢያፈስ፣ ለአራት ሰው ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ በደብተር ሠርቼ ጠዋት ላይ ለቤተሰቡ አቀረብኩ። ልጄ ሳትሰማኝ ገብታ ስትወጣ መስታወቱ ጉም ለብሶ፣ ቴርሞስታቱም እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ነበር። ባለቤቴ ለመግባት ስትጠብቅ አማቴ ምጣዱን ሰኩ። ሊጡ ስለደረሰ አይጠብቅም። ብሬከሩ ወረደ፤ ቤቱ ጨለመ። ማንም «ማን ነካው?» ለማለት አልደፈረም።

ረፋዱ ላይ ከታች «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ መጣ። አማቴ አሮጌውን ሬዚስታንስ በጋዜጣ ጠቅልለው አራት ፎቅ ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። ልጁ ኖራውን በጥፍሩ ፈቅፍቆ መዳቡን አየና፣ እንዳላየ ሆኖ ከተሸከመው ፕላስቲክ ውስጥ አንዲት ጣሳ መዘዘ። አማቴ ጣታቸውን ወደ ትልቁ ባለ ክዳን ሳፋ ቀሰሩ።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ የተቃጠለ ነው» አለ ልጁ።

«ባይቃጠልማ ላንተ ምን አስጣለኝ?» አሉትና ሳፋውን ራሳቸው አወረዱት።